አጎቴ የሕዝብ ተመራጭ የሆነ ጊዜ

ልጅ ሳለሁ በመላው መካነ ሰላም እንደ አጎቴ ተረት የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ዩኒቨርሲቲ ሕግ ያስተምር ስለነበር የከተማው ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እኛ ልጆች ግን ጋሼ ነበር የምንለው። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ ስለ እሱ ስጽፍ ግን እጄ አንቱታውን አልጽፍ አለኝ።

በየክረምቱ ሲመጣ፣ ውጭ ጉሙ ደጁን ዘግቶ፣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው ምድጃውን ከበን እንቀመጥ ነበር። ፍሙን እየቆሰቆሰ፣ የፋኖሱ ብርሃን ግማሽ ፊቱ ላይ ብቻ እያረፈ ይተርክልናል። በአንዱ ተረቱ፣ አራዊቱ ለፍርድ ተሰብስበው ተከሳሿ ኤሊ ብትዘገይ፣ ነብር «ፈርደን እንሂድ» አለ፤ ዳኛው ዝሆን ግን «ቃሏን ሳልሰማ አልነሳም» ብሎ ዝናብ ሲወርድበት አደረ። አጎቴ ወግ አጥባቂ ነበር፤ አይደብቀውም። ሴት ልጅ ሱሪ ስትለብስ ይከፋዋል፤ ሰው ሽማግሌ እያለ ፍርድ ቤት ሲሮጥ ያንገበግበዋል። የሱሪውን ነገር ባልወድለትም የቀረውን ሁሉ አምኜው ነበር።

ከዚያ ፖለቲካ ገባ። «ወጋችን ይከበር» እያለ ሲወዳደር እናቴ ቤት ለቤት ዞራ ምረጡት አለች፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መረጠው።

ብዙም ሳይቆይ ከከተማው በታች ያለው የወል ግጦሽ ለአንድ ባለሀብት ሊሰጥ ነው ተባለና ስብሰባ ተጠራ። እናቴ እኔንም ይዛኝ ሄደች። አጎቴ መድረኩ ላይ ተቀምጧል። የአገሩን ጠብ ሲያበርዱ የኖሩት ሽማግሌ አያ ይመር ማይክ ተቀብለው ተነሱ።

«አብሽር ልጄ፣ ልንጣላህ አልመጣንም» አሉት። «ግን ከብቶቻችን የት ይግቡ? የጠየቀን ሰው እኮ የለም…»

«አባባ፣ ይቀመጡ። ጉዳዩ ተወስኗል።»

«ልጨርስ እንጂ የኔ ልጅ።»

«ጊዜ የለንም! ማይኩን ተቀበሏቸው።»

አንድ ጎረምሳ መጥቶ ከእጃቸው ነጠቃቸው። አያ ይመር ባዶ እጃቸውን ትንሽ አይተው ተቀመጡ። እኔ ያንን የተረቱን ዳኛ ዝሆን አሰብኩ። እናቴን ቀና ብዬ ሳያት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች።

የዚያን ዕለት ምሽት አጎቴ ቤታችን መጣ። እንደ ወትሮው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ «ኑ ልጆች» ሲለን እናቴ መሐላችን ገብታ ቆመች።

«ለልጆቼ ተረት እንዳትነግርብኝ።»

«ምነው እታለም?»

«ሽማግሌ አዋርደህ መጥተህ ስለ ፍርድ ልታወራ? እራትህን ብላ፤ ተረቱ ይቅርብን።»

«አንቺ ፖለቲካ አይገባሽም።»

«አያ ይመርን ግን አውቃቸዋለሁ።»

እራቱን ሳይነካ ኮቱን አንስቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እቤታችን አልመጣም።

ግጦሹ ታጠረ፤ መዋያ ያጣው ከብት በርካሽ ተሸጠ። አያ ይመር ለዕርቅ ሲጠሩ «እኔን ማን ይሰማኛል» እያሉ ከቤት ሳይወጡ ሞቱ። አጎቴ ግን ከፍ ወዳለ ሹመት አለፈ።

በቅርቡ ከአቀስታ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በራዲዮ ሰማሁት። ያንኑ ለስላሳ ድምፁን ይዞ፣ ዘመን ያመጣው ትውልድ ታላቁን አልሰማ አለ እያለ ወጣቱን ይወቅሳል። አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ «እንዴት ደስ ይላሉ!» አለችኝ። ደሜ ፈላ። የሚያናድደኝ ወግ ማጥበቁ አይደለም፤ የሚናገረው ሁሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። እውነት ነው፤ ያንን እውነት በቁሙ ያየሁት ግን አያ ይመር ላይ ነው፣ እሱም ይህን እያወቀ ንግግራቸውን አስቋርጦ አስቀመጣቸው። አጎቴ መሆኑን ለልጅቷ አልነገርኳትም። መካነ ሰላም እስክንገባ ድረስ ያጫወትኳት ስለ አያ ይመር ነው።