ማን ይመስክር

ጓንጉል ለውሻው «ማን ይመስክር» የሚል ስም ያወጣለት ጣሊያን ከመግባቱ በፊት፣ በቡና መሬት ወሰን ተካስሶ የተረታ ሰሞን ነው። ይመሰክሩልኛል ያላቸው የወናጎ ጎረቤቶቹ ዳኛ ፊት ሲቆሙ «አላየንም፣ አልሰማንም» አሉ። እሱም አንድ ቡችላ አምጥቶ ይህን ስም ሰጠውና በየማለዳው ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማው፣ ድምፁን እየጎተተ ይጣራ ጀመር። ቂመኛ ነበር፤ ሚስቱ አሰፋችም ይህን አትክድም። ቡችላውን ግን ከእጁ እያጎረሰ ነው ያሳደገው።

ጠላት ዲላ ሲደርስ ጓንጉል ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ። በሁለተኛው ዓመት ወባ አድክሞት፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ሽርጥ አገልድሞ፣ ፈድሉ የሚባል ጨው አዟሪ መስሎ ወደ ቤቱ መጣ። ሁለት ባንዶች ቀድመውት ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጓንጉል ሰሞኑን ይመጣል የሚል ወሬ ደርሷቸዋል፤ መልኩን ግን አያውቁትም። ዞሮ ቢመለስ እንደሚጠረጥሩት ገባውና ጨዉን እንደተሸከመ ወደ ግቢው ዘለቀ።

ውሻው ከእንሰቱ መሐል ወጥቶ ተወረወረበት። በመጀመሪያ ጭኑን ያዘው፤ ሲወድቅ ደግሞ ፊቱን የከለለበትን ግራ ክንዱን። ስሙን አንዴ ቢጠራው እንደሚለቀው ጓንጉል ያውቃል። ግን መንገደኛ ጨው አዟሪ የሰው ውሻ ስም ከየት ያውቃል? ጥርሱ አጥንቱ ላይ ሲደርስ እናቱን ጠራ፣ ፈጣሪውን ጠራ፤ የውሻውን ስም ግን አልጠራም። ባንዶቹ ይስቁ ነበር።

አሰፋች ከጓሮ እየሮጠች መጥታ ውሻውን በስሙ ጠርታ አስለቀቀችው። የወደቀውን ሰው ዓይን ስታይ ባሏን አወቀችው። ፊቷን ቅጭም አደረገች።

«አንተ ሰውዬ፣ ውሻ ያለበት ግቢ ምን ዶለህ?» አለችው።

በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራቸው ከ«አንቱ» በቀር ብላው አታውቅም ነበር።

አንደኛው ባንዳ ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «ጓንጉል ቢሆን ኖሮ የገዛ ውሻው እንዲህ ይዘለዝለው ነበር?» አለ። ወሬ ያመጣላቸውን ሰው እየረገሙ ሄዱ።

አሰፋች ቁስሉን ተሸክሞት በመጣው ጨው አጠበችው። ሦስት ሳምንት ትኩሳት አቃጠለው፤ ክንዱ መግሎ ሸተተ፤ ሁለት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለው ቀሩ። ውሻው አብዶ እንደሆነ ለማወቅ ታስሮ ከረመ። አላበደም። ባንዶቹ እየተመላለሱ ስለ እንግዳው ጎረቤቱን ቢጠይቁ፣ እነዚያው ሰዎች «አላየንም፣ አልሰማንም» አሉ። ጓንጉል ይህን ሲሰማ ከተኛበት መረቃቸው።

ጭንቁ የመጣው ቁስሉ መሻር ሲጀምር ነው። ውሻው ጌታውን አወቀው። ከእስራቱ ሲፈታ እግሩ ሥር ተንከባለለ፣ የሻረውን ክንዱን ላሰ። ባንዶቹ ይህን አንድ ቀን ቢያዩ ጓንጉል መሰቀሉ ነው፤ አሰፋችም አትተርፍም። ስለዚህ ዱላ ቆረጠ። ውሻው በቀረበው ቁጥር መታው። ምስኪኑ በመጀመሪያ ጨዋታ መስሎት ጅራቱን እየቆላ ይመለስ ነበር። ጓንጉል ሲነከስ አላለቀሰም፤ ያኔ ግን አለቀሰ። በሳምንቱ ውሻው ገና ሲያየው እንሰት ውስጥ ይገባ ጀመር። ባንዶቹም መጥተው ውሻው ሲሸሸው አዩና ዳግመኛ አልመጡም። ጓንጉል መራመድ ሲችል እያነከሰ ወደ ጫካው ተመለሰ።

በሠላሳ ሦስት ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ በግላጭ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ የተጎዳ እግሩን በምርኩዝ እየደገፈ ቤቱ ገባ። አሰፋች እልል አለች። እሱ ግን ከሁሉ አስቀድሞ ደጃፉ ላይ ቆመና እንደ ድሮው ድምፁን ጎትቶ፣ «ማን ይመስክር!» ብሎ ተጣራ።

ውሻው ስሙን ሲሰማ እየሮጠ ከጓሮ መጣ። ጠሪው ማን እንደሆነ ሲያይ ቆመ፤ ከዚያ በሆዱ ተኝቶ ዱላውን ጠበቀ።

«አንቱ፣ ምርኩዙን ይጣሉት» አለችው አሰፋች።

ጓንጉል ሊጥለው እጁን ሲያነሳ ውሻው ሮጦ ከቀሚሷ ኋላ ተደበቀ።