ጅቧ የሳቀች ዕለት

ያን ማለዳ፣ ወንዙ ዳር፣ ጅቧ የፈራችው ምንን ነበር? ይህን እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም።

እህቴ አየር ጤና አካባቢ ዳቦ ቤት ትሠራ ነበር። ምድጃው ሰው ሳይነሳ ስለሚለኮስ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ያን ዕለት በሩን ስትዘጋው ነቃሁ። ብዙም ሳይቆይ ከወንዙ በኩል ጅብ ሳቀች። የተለመደው ጩኸት አይደለም፤ ሳቅ፣ ቁርጥርጥ ያለ፣ የሚንተከተክ። እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና አማተበች።

እህቴ ዳቦ ቤት አልደረሰችም። ነጠላዋ ወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ላይ ተገኘ። ደም አላየሁበትም።

«ጅብ እኮ አጥንት እንኳ አይተውም» አሉ ጎረቤቶች። ይህስ እውነት ነው፤ መንጋጋው አጥንት ያደቃል። ስለዚህ ለፖሊስ ያመለከተ የለም። ድንኳን ተጣለ፣ ተለቀሰ፣ አበቃ።

እናቴ ጅቧን ሰው አደረገቻት። «ሴትዮዋ» ነው የምትላት። ሲመሽ ጩኸት ከሰማች «መጣች ደግሞ ሴትዮዋ፣ እግሯ ይሰበርና!» ትላለች። ቆይታ ደግሞ ታዝንላታለች። «እሷስ ምን ታድርግ? ልጆቿ ርቧቸው ነው። እናት ናት።» በመጨረሻ ይቅር አለቻት። እኔ ግን እናቴ አጠገብ ተኝቼ ሴትዮዋን አያት ነበር፤ ዘንቢል አንጠልጥላ፣ ከወገቧ ዝቅ ብላ፣ በራችን ላይ ቆማ ስትስቅ።

እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያደርሱበት ዕድሜ የማታ ትምህርት ገባሁ። የባዮሎጂ መምህራችን አንድ ቀን ስለ ጅብ አነሳ። የመንጋው አለቃ ሴት ናት፤ ከወንዱም ትገዝፋለች። ልጆቿን ከዓመት በላይ ታጠባለች እንጂ ሥጋ ተሸክማ የምታመጣላቸው ከስንት አንዴ ነው። «ሳቅ የምንለው ደግሞ ሳቅ አይደለም» አለ። «ስትባረር፣ ስትጠቃ፣ ስትጨነቅ የምታሰማው ድምፅ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ እኔም ፈተና ላይ የምስቀው ለዚህ ነዋ!» ሲል ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ ደብተሬ ላይ «ስትባረር» ብዬ ጻፍኩ።

ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አገላብጬ አነበብኩ። መምህሩ አልተሳሳተም። በርግጥ ጅብን ሌላ ጅብም ያባርራታል፤ ሥጋ ላይ ሲሻሙም ያ ድምፅ ይሰማል። ውሻም ያባርራታል። ሰውም።

ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ በሕልሜ ትመጣለች፤ ግን አትስቅም። ወደ ኋላዋ እያየች ትሮጣለች። የሚያባርራትን ለማየት ዞር ስል እነቃለሁ።

ለእናቴ ሳልነግራት ዓመታት አለፉ። ይቅር ያለቻትን ሴትዮ ነጥቄ በምትኳ ምን ልሰጣት?

ባለፈው ክረምት አንድ እሁድ ምስር ስንለቅም፣ እናቴ ድንገት ቀና አለች። ወንዙ ዳር ድረስ ቤት ተሠርቶ ጅቦቹ ከራቁ ቆይተዋል።

«ሴትዮዋ ድምጿ ጠፋ። ሞታ ይሆን? ነፍስ ይማር ልበላት?»

አላስቻለኝም። «እማዬ፣ እሷ ላትሆን ትችላለች» ብዬ ያነበብኩትን ሁሉ ነገርኳት። ጣቶቿ መልቀም አላቆሙም።

«ታዲያ ሰው ነው?»

«አላውቅም።»

«እህትሽ በሕይወት አለች ልትዪኝ ነው?»

«እሱንም አላውቅም፣ እማዬ።»

«ተምረሽ ተምረሽ አላውቅም!» አለችኝ። ሰፌዱን ወደ እኔ ገፍታ ተነሳችና በእግሯ ጫማዋን ፈለገች።

«ተነሺ እንጂ። ፖሊስ ጣቢያ እሁድም ክፍት ነው አይደል?»