መንገድ ላይ ሆኜ ቢሮ የተፈረመልኝ ጠዋት

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ጌታ ይክበር! ያደረገልኝን ዛሬ ልነግራችሁ ቆሜአለሁ። ሽማግሌያችን «አምስት ደቂቃ ብቻ» ብለውኛል። እኔ በሕይወቴ በሰዓቱ የጨረስኩት ነገር ስለሌለ ታገሡኝ። ሳላረፍድ መምጣቴ ራሱ ተአምር ነው፤ አሜን በሉ እንጂ!

ሲሳይ እባላለሁ፣ የስንዱ ባል። እሷን የማያውቅ የለም፤ ጌታን ቀድማ ያገኘችው እሷ ናት። እኔ እሁድ ጠዋት «ለሁለታችንም ጸልዪ» ብዬ ብርድ ልብሴን የምስብ ሰው ነበርኩ።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ቢሮው ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ስሟን በማልጠራት ትንሽ ከተማ ነው ያለው። ጣሪያው ሲበላሽ «ከቤታችሁ ሥሩ» ተባልን። ፋይሌን ተሸክሜ መጣሁና በነጠላ ጫማ መንግሥትን አገለገልኩ። ደህና አድርጌም ሠራሁ። ጣሪያው ሲያልቅ ግን ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ ሁሉም ሠራተኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ ተገኝቶ ይፈርም፤ ርቀት ምክንያት አይሆንም። ወሬው ደግሞ ከማስታወቂያው ይብሳል፦ «ድልድል እየመጣ ነው፣ ሰው ይቀነሳል፤ መጀመሪያ የሚወጣው ፊርማ የጎደለበት ነው።»

ልጆቼ እዚህ ላሊበላ ይማራሉ፣ ስንዱም የምትሰፋው እዚህ ነው። ስለዚህ በየጠዋቱ መናኸሪያ! ሚኒባሱ ካልሞላ አይነቃነቅም። ሾፌሩ «አንድ ሰው ብቻ ቀረን» ይላል፤ ያ አንድ ሰው ሰዓት ሙሉ አይመጣም። ቢሮ ስደርስ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም አራት። የሥራ ባልደረባዬን ይመርን ለመንኩትና ይፈርምልኝ ጀመር። እንዲያውም ፊርማዬን ከእኔ አሳምሮ ነው የሚፈርመው።

ሰላም ግን የለኝም። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ጨጓራዬ ተነሣብኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

«የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?»

«ሚኒባስ።»

«ቀልዱን ተወው፤ እንቅልፍስ?»

«እሱንም ሚኒባስ ውስጥ ነው የምተኛው።»

እሱ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ስንዱ «ራስህ ለምን አትጸልይም?» ስትለኝ «አንቺ ጸልዪልኝ፣ አንቺን ይሰማል» አልኳት። «ሲስዬ፣ እኔ አንተን ሆኜ ልቆም አልችልም» አለችኝ።

አንድ ማክሰኞ መናኸሪያ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ይመር ደወለ። «አንተ ሰውዬ! ተቆጣጣሪዎች ላሊበላ አድረዋል፣ ወደኛ እየመጡ ነው!» ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴ ጸለይኩ። ምን ብዬ? «ጌታ ሆይ፣ መኪናቸውን አበላሽልኝ!»

ቅዱሳን፣ አትሳቁ፤ ሰማኝ! ግማሽ መንገድ ላይ፣ ጠባቧ መታጠፊያ ላይ መኪናቸው ቀጥ ብላ ቆማለች። የእኔ ሚኒባስ ከኋላዋ ነው፤ ማለፊያ የለም። የገዛ ጸሎቴ መንገድ ዘጋብኝ።

ሁላችንም ወርደን ገፋን፣ ተነሣች። ቡድኑን የሚመሩት ወይዘሮ ዘርፌ «እግዜር ይስጥልን፣ የት ነው የሚሠሩት?» አሉኝ። አፌ ቀደመኝና ቢሮዬን ጠራሁ።

«እኛም ወደዚያው ነን፤ ይግቡ እንጂ!»

ምን ልበል? ገባሁ። ብስኩት ሰጡኝ። ስልኬ ላይ የይመር መልእክት መጣ፦ «ፈርሜልሃለሁ። ተረጋጋ።» እኔ ቢሮ ገብቻለሁ ማለት ነው! እዚህ ደግሞ ከተቆጣጣሪዋ ጎን ተቀምጬ ብስኩት እበላለሁ። ሾፌራቸው በመስታወት አይቶኝ «ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለኝ።

አዎ አሞኛል! ዝም ብል መዝገቡ ይገለጣል፣ እኔም ይመርም ከሥራ እንወጣለን። ብናገርም እንወጣ ይሆናል። የቀረው ሁለት መታጠፊያ ነው። ስንዱ የለችም፣ ይመር የለም፣ በእኔ ፈንታ የሚቆም የለም። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ፣ ሲሳይ። ዛሬ ሌላ ሰው አልላክሁም። ዋሽቻለሁ፣ ማረኝ። ሥራዬ ቢሄድም አንተ አትሂድብኝ» አልኩ። የዳንኩት ያኔ ነው፣ ሃሌሉያ! በሰው መኪና፣ ብስኩት እንደያዝኩ!

«ወይዘሮ ዘርፌ፣» አልኩ፣ «ሲደርሱ ስሜ ተፈርሞ ያገኙታል። የፈረምኩት እኔ አይደለሁም። ጓደኛዬን ለምኜው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ስንደርስ ቀጥታ ወደ መዝገቡ ሄዱ። መዝገቡን ገለጡ፣ ፊርማውን አዩ፣ እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ይሰርዙት። የደረሱበትን ትክክለኛ ሰዓት በእጅዎ ይጻፉ።» ሦስት ሰዓት ከሃያ ብዬ ጻፍኩ። ለሁለታችንም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጠን። ይመር «የፈረመልህ እጄ ይሰበር!» ብሎ ስንት ሳምንት አኮረፈኝ። አሁን ታርቀናል፣ ጌታ ይመስገን።

ዛሬ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢሮው አጠገብ ክፍል ተከራይቼ አድራለሁ። ስንዱ «ማንኮራፋትህ ሲወጣ ቤቱ ሰፋ» ትላለች። ድልድሉ ገና አልተለጠፈም። አልዋሻችሁም፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ሳልፍ አሁንም ቆሜ ሁለቴ አነባለሁ። ስሜ ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ሆዴን ሲበላኝ የኖረው ውሸት ግን ወጥቷል፤ ክብር ለጌታ!

አንተ ከኋላ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ ሚስትህ ስትጸልይልህ የኖርከው፣ እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፣ ስማኝ። በሕይወት መጽሐፍ ላይ ጓደኛ አይፈርምልህም። ራስህ ና። ረፍዷል ብለህ አትቅር፤ እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመት አርፍጄ መጥቼ ተቀብሎኛል። ትክክለኛውን ሰዓት ጽፈህ ግባ።