ፋይበርን በመዶሻ

ይህ የሆነው በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ከኤርፖርቱ የፓርኪንግ አውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ወቅቱን ግን አልረሳውም፤ የጥዱ ቢጫ ብናኝ የአትላንታን መኪና ሁሉ አንድ ቀለም የሚቀባበት ጊዜ ነበር። ጋራዤን በከፈትኩ ቁጥር እየገባ ሥራዬን ያቆሽሽብኝ ነበር።

ያን ሰሞን የዓይን ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ነበር። ዓይኔ ከዳር ከዳሩ እየጨለመ እንደሚሄድ ነገረኝና እንዲህ አለኝ፦ "እስከ ሰመር መጨረሻ በቀን ብርሃን መንዳት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ለሌላ ሰው ይስጡ።"

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ ባትላሜራ ሆንኩ፤ የተጋጨ መኪና ቆርቆሮ በመዶሻ እየቀጠቀጥኩ ወደ ቦታው ስመልስ ኖርኩ። እዚህ ከመጣሁ ደግሞ ኢስት ፖይንት አካባቢ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ሳመላልስ ኖርኩ። ዕድሜ ልኬን የሰው መኪና አቀናሁ፣ የሰው መኪና ነዳሁ። ቁልፉን ከማስረከቤ በፊት በገዛ እጄ የሠራሁትን መኪና አንድ ቀን አስፋልት ላይ አውጥቼ መንዳት ፈለግሁ። ሌላ ያማረኝ ነገር አልነበረም።

እዚህ አገር መኪና በሳጥን ይሸጣል። ሻንሲው ለብቻው፣ አካሉ ለብቻው፣ ቡሎንና ዳዶው በከረጢት ሆኖ ይመጣል። ሞተሩን ከአሮጌ መኪና ታወጣለህ፤ ከዚያ ጋራዥህ ውስጥ ቁጭ ብለህ ትገጣጥማለህ። እኔ የገዛሁት አንድ ሰው ጀምሮት፣ ሰልችቶት የተወውን ነው። ጣሪያ የለውም፣ የሚይዘው ሁለት ሰው ነው፣ አፍንጫው ረጅም ነው። ስቶን ማውንቴን ያለው ቤቴ ሲደርስ ሞተሩም ፍሬኑም ተገጥሞ ነበር። የቀረው አካሉን ሻንሲው ላይ ማሳረፍ፣ በሮቹን ማስተካከልና መቀባት ነው። ይህ የኔ ሥራ ነው አልኩ። ትምክህቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ከመኪናው ጋር የመጣው የመመሪያ መጽሐፍ ገሚሱ የለም። ያለውም ቢሆን ለኔ ዓይንና ለኔ እንግሊዝኛ የሚሆን አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ፣ ሮዝዌል ትልቅ ቤት ያለው አንድ የአገሬ ልጅ እንዲህ ዓይነት መኪና እንዳለው ሰምቼ ነበርና ከቅዳሴ በኋላ ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ሜምበር መሆን አለብዎት" አለኝ። "ክሎዝድ ግሩፕ ነው፤ ያሉት ኦነሮች ብቻ ናቸው። እኔ ስፖንሰር አደርግዎታለሁ።"

"ምን ያደርጉልኛል?"

"ሰፖርት ነዋ። ቤተሰብ በሏቸው።"

ይህ ቤተሰብ በር ላይ ብዙ አቆመኝ። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር ፎቶ አንስቼ ላክሁ። እኔ መኪናው አጠገብ ቆሜ ተነሥቼ ላክሁ። ከዚያ ይህን መኪና ለምን እንደምወደው አንድ ገጽ ጻፍ አሉኝ። አሜሪካ ስደተኛ አድርጋ ስትቀበለኝ እንኳ ለምን እንደምወዳት አልጠየቀችኝም። የአገሬ ልጅ ጻፈልኝ። ኮሚቴው ሦስት ሳምንት ሲመክር ሰነበተና አስገባኝ።

የሚገናኙት ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሮዝዌል፣ ሊቀመንበራቸው ጋራዥ ውስጥ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ጋራዡን ሳየው አመመኝ። ወለሉ ላይ ፊቴ ይታየኛል። መፍቻዎቹ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው ተሰልፈዋል፤ አንዱም ላይ ዘይት የለም፣ አንዱም ጥርሱ አልተበላም። እኔ የማውቀው ጋራዥ ገብተህ ስትወጣ ሚስትህ ሸሚዝህን በሁለት ጣቷ የምታነሣበት ነው።

ከዚያ መኪኖቹ መጡ። አምስት ነበሩ፤ አምስቱም በተጎታች ላይ ተጭነው ነው የመጡት። መኪና በመኪና ተጎትቶ፣ በቀበቶ ታስሮ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ ይመጣል። አውርደው በእጃቸው ገፍተው ያስገቡታል። ምነው ብዬ የአገሬን ልጅ ጠየቅሁት።

"መንገዱ ጠጠር አለው፣ ጋሼ።"

"ያንተን ስንት ማይል ነድተኸዋል?"

"አክቹዋሊ... ዌዘሩ ሲስተካከል ነው።"

"ከጨረስከው ስንት ጊዜህ ነው?"

"ስድስት ዓመት" አለኝና ጨርቅ አንሥቶ ያልቆሸሸውን መስተዋት ጠረገ።

የዚያን ቀን ሙሉ ጠዋት የተከራከሩት አፍንጫው ላይ ያለውን አርማ የሚይዘው ቡሎን አናቱ ጠፍጣፋ ይሁን ድቡልቡል በሚለው ነው። ጠፍጣፋ ባዮችና ድቡልቡል ባዮች አሉ፤ የማይነጋገሩም አሉ። ምሳ ሰዓት ደረሰ። አንድም ሰው ሞተር አላስነሣም።

እኔ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እነሱን እየናቅሁ መጥቼ ያደረግሁትን ስጽፍ ግን አፍራለሁ።

የግራው በር ሲዘጋ የፊት ጎማውን የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ ይነካው ነበር፤ የጣት ጥፍር ያህል ይፋተጋል። ባትላሜራ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ አያስብም፤ እጁ ራሱ ያውቃል። ከውስጥ ድጋፍ ብረት ያዝኩ፣ ከውጭ መዶሻዬን አነሣሁ፣ የፓራፋንጎውን ጠርዝ ወደ ውስጥ ልመልስ ብዬ መታሁ። ቆርቆሮ ቢሆን ይታዘዘኝ ነበር። የዚህ መኪና አካል ግን ፋይበር ነው፤ በማጣበቂያ የደነደነ የመስታወት ክር። ፋይበር መሆኑን አውቃለሁ፤ ልቀባው አስቤ በእጄ ዳስሼዋለሁ። መዶሻው ሲነሣ ግን ያንን የሚያውቀው ጭንቅላቴ እንጂ ክንዴ አልነበረም። እንደ ሸክላ ጮኸ። ከጠርዙ እስከ መብራቱ ሥር ተሰነጠቀ።

ለማኅበሩ ይጻፍልኝ አልኩ። የአገሬ ልጅ ፎቶውን አንሥቶ "ፖስት አድርጌዋለሁ፣ ይጠብቁ" አለኝ። ጠበቅሁ። መጀመሪያ የመጣው የሳቅ ምልክት ነው፤ ተራ በተራ እየመጡ ሳቁና ሄዱ። ቀጥሎ አንዱ "ይህ ከዚህ በፊት ተጠይቋል፤ የድሮውን ፈልግ" አለ። ይህች አባባል የቤታቸው ሰላምታ ናት። ዳዶው ስንት ቁጥር ነው ብትል ፈልግ ነው፤ ቤቴ ተቃጠለ ብትልም ፈልግ ነው የሚሉህ ይመስለኛል። ፈለግን፤ የተገኘው ሌላ ሰው ጠይቆ ፈልግ የተባለበት ነው።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩን ራሱን አገኘሁት።

"የተሰበረ አካል ተጠግኖ ቢመጣ እኛ መዝገብ ላይ ሙሉ አይባልም" አለኝ። "ባጅም አይሰጠውም። ከፋብሪካው አዲስ እዘዝ።"

"መቼ ይደርሳል?"

"እድለኛ ከሆንክ በሚቀጥለው ዓመት።"

ስለ ዓይኔ ነገርኩት፤ እስከ ሰመር መጨረሻ ብቻ እንደተፈቀደልኝም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ማታ ደግሞ ግሩፑ ላይ የሚያለቅስ ፊት አደረጉልኝ። አንድ ቢጫ ፊት፣ አንድ እንባ። ሰፖርታቸው ይኸው ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋራዡ ወለል ላይ ተቀምጬ ስንጥቁን አያለሁ። ቤዝመንቴን የተከራየችው ሴት ከቤተ ክርስቲያኗ መጣች። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፤ የነሱ ፕሮግራም ከኛ ቅዳሴ ዘግይቶ ያልቃል። በሥራ ቀን የምትውለው ጥፍር ቤት ነው፤ የሴቶች ጥፍር ትሠራለች። ወደ በሯ የምታልፈው በጋራዡ ነው።

"አባባ፣ ምነው መሬት ተቀመጡ?"

"ሰበርኩት።"

ቁጢጥ ብላ ስንጥቁን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። "በምን?"

"በመዶሻ።"

"እሰይ። ደግ አድርገዋል።" ከስንጥቁ ውስጥ አንድ ክር መዝዛ ብርሃን ላይ አየችው። "ይሄ እኮ ጥፍር ነው።"

"ምን አልሽ?"

"የጥፍር ዕቃ ነዋ። በየቀኑ ሴቶች ላይ የምለጥፈው። ጨርቁ የዚሁ ወንድም ነው፣ ማጣበቂያው የአክስት ልጅ ነው። የርስዎ ወፈር ይላል እንጂ።" ከዚያ ቀና ብላ ወደ መዶሻዬ አየች። "እኔ የደንበኛዬ ጥፍር ሲሰበር መዶሻ አላነሣም።"

ሳቅሁ። ከሰበርኩት ወዲህ የሳቅሁት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ከሰዓት አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን ሠራን። የስንጥቁን ግራና ቀኝ መዳፍ ያህል ስፋት ወደ ስንጥቁ እየሳሳ እንዲሄድ በብርጭቆ ወረቀት አሻሸሁ። ብናኙን ጠረግን። የፋይበር ጨርቁን ትንሹን አስቀድማ፣ ሰፊውን አስከትላ ሬዚን የሚባለውን ማጣበቂያ እያጠጣች ታነጥፋለች፤ ከሥሩ አየር እንዳይቀር በብሩሽ ጫፍ ታባርራለች። አንድ ቀን ሬዚኑን እርስዎ በጥብጡ ተባልኩ። እኔ ስቱኮ ዕድሜዬን በዓይን ግምት ነው የበጠበጥኩት። ማድረቂያውን ገልበጥ አደረግሁት። ኩባያው እጄ ላይ ጋለና ጢስ አወጣ።

"ይሄን ያህል ባደርግ ኖሮ ደንበኛዬ ጣቷን ይዛ እስከ ሃይዌይ ትሮጥ ነበር" አለችኝ። "በጠብታ ነው፣ አባባ። ይቁጠሩ።"

ቆጠርኩ። ደርቦ ማንጠፍ፣ መጠበቅ፣ መሞረድ፣ እንደገና ማንጠፍ። በሩ የሚነካውን ጠርዝስ ምን እናድርገው ስላት ደንገጥ አለች። "የረዘመ ጥፍር ይሞረዳል እንጂ ይመታል?" ሞረድኩት። በሩ ተዘጋ። የደበደብኩት ነገር በአንድ ሞረድ ያልቅ ኖሯል።

ቀለሙን ራሴ ቀባሁ፤ በቀለም ማንም አያስተምረኝም። ተመርምሮ አለፈ። መንግሥት ታርጋ ሰጠኝ፤ ማኅበሩ ባጁን እንደያዘ ነው።

ሰመሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ እሷ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ አጠገቤ ተቀመጠች፣ እኔ መሪውን ያዝኩ። ከስቶን ማውንቴን እስከ ሮዝዌል በጠራራ ፀሐይ ነዳሁት። ዳር ዳሩን ዓይኔ ባያየውም እሷ "በቀኝ መኪና አለ፣ ይለፍ" እያለች ታየልኛለች። ጆሮዬን ግራው በር ላይ ጥዬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተፋተገም። ስለዚያ መንገድ ብዙ መጻፍ አልችልም። ዝም ብዬ ነዳሁ።

ተጎታቾቹ ተደርድረው ደረስን። በጎማው ሄዶ የመጣው የኔ ብቻ ነው፤ አፍንጫው ላይ ትንኝ ተለጥፎበታል፤ እንደ በሽታ ሸሹት። ሊቀመንበሩ ግን የኪስ ባትሪ ይዞ ተንበረከከ። ሥሩን አየ፣ ጎኑን አየ፣ በጥፍሩ አንኳኳ።

"አዲስ አዘዝክ እንዴ?"

"አይደለም። ያው ነው።"

"የተሰበረው የቱ ነው?"

"አንተ ንገረኝ።"

ብዙ ቆይቶ ቀኙን አሳየኝ። የሰበርኩት ግራውን ነበር። የትኛው ሱቅ ነው የሠራው ሲለኝ ወደ እሷ አመለከትኩ። እሷ ጥግ ቆማ የተሰለፉትን መፍቻዎች ታያለች። ጥፍር ሠሪ ናት ስለው የምቀልድ መሰለው።

ልንሄድ ስንል የአገሬ ልጅ ወደ እሷ ተጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኅቴ፣ ስልክሽን ብትሰጪኝ። የኔም ትንሽ ስንጥቅ አላት። ተጎታቹ ላይ ቀበቶው ሲጠብቅ ነው።"

ስድስት ዓመት ያልተነዳች መኪና ከመንገድ ጠጠር ስትጠበቅ ተሰነጠቀች።

"ወንድሜ፣ ይሄ ከዚህ በፊት ተጠይቋል" አለችው። "የድሮውን ፈልግ።"

ለካ ያን ሁሉ እሑድ የነገርኳትን ስትሰማ ኖራለች። ኋላ ግን ራርታ ስልኳን ሰጠችው።

ቤት ስንደርስ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ቁልፉን አወጣሁና መዳፏ ላይ አኖርኩት። ሐኪሙ ለሌላ ሰው ስጥ ብሎኝ የለ። አሁን ጥፍር ቤት የምትሄድበት እሱ ነው። ቢጫው ብናኝ ሲመጣ ደጅ ቆሞ ይቀባል፣ ዝናብ ያጥበዋል።

የባለቤቶቹ ማኅበር አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰበሰባል ይሉኛል። ማን ረዳህ ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ መልሴ አንድ ነው፤ ቤዝመንቴን የተከራየችው ጥፍር ሠሪ ናት።