በነጠላ የተሸፈነው ጥልፍ

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ሰላም ከባሕር ዳር መጥታ፣ በረንዳው ላይ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትሠራ ቆየችና ሳቀች።

«እምዬ፣ ጠዋቱን ሙሉ ኮዱ አልሠራ ያለኝ በዚች ምልክት ነው። ሁለት ነጥብ መስላኝ ነበር፤ ለካ የታችኛዋ ጭራ አላት።»

የፊደሉን መልክ ስትቀይረው ጭራዋ ጎልታ እንደወጣችላት ነገረችኝ። እሷ ትስቃለች፣ የኔ ፊት ግን ጋለ። ስንት ዓመቱ፣ አሁንም ይግላል።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ እትዬ ዘነቡ ጥልፍ ቤት ከሌሎች ልጆች ጋር ጥልፍ እጠልፍ ነበር። አብዛኞቻችን ፊደል ስላልቆጠርን ንድፉን በምልክት ብቻ ታይፕ ያስመቱልን ነበር። አንዷ ምልክት አንድ ስፌት ናት። ሁለት ነጥብ ሆና ከላይ ብቻ ሰረዝ ካላት ቀይ ክር፣ ከላይም ከታችም ካላት አረንጓዴ። በታይፑ ጊዜ ምልክቱ ወፍራም ነው፣ ከሩቅ ይታያል። ኮምፒውተር ከተማችን የገባ ሰሞን ግን እትዬ ዘነቡ በአዲስ ፊደል የታተመ ንድፍ ይዘው መጡ፤ ቀጭን፣ ቆንጆ፣ ሰረዟ ጸጉር የምታህል።

«ይለያል፣ ልጆች?» አሉ።

ሌሎቹ አዎ ለማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅሁ።

የደረሰኝ የአክስቴ ልጅ የጥሩወርቅ የሠርግ ቀሚስ ነበር። ምልክቱ ሁሉ አንድ ስለመሰለኝ ሁሉንም በቀይ ጠለፍሁት። አረንጓዴውን ክር ሳልነካው መሰንበቴ ቅር ቢለኝም፣ ወደ ታች ይመጣ ይሆናል እያልሁ ገፋሁ። ለካ በአረንጓዴ መደብ ላይ ቀይ መስቀል ሊወጣ ኖሯል። ሲያልቅ መስቀል የለም፤ ደረቱ ላይ ቀይ እራፊ የለጠፉበት መሰለ። መፍቻ ጊዜም የለም፣ ሠርጉ በማግሥቱ ነው።

ጥሩወርቅ አየችው፤ አልተቆጣችኝም። «ነጠላ አለኝ» አለች፣ ይኸው ነው።

ሠርጉ ቡሬ አጠገብ ገጠር ነበር። ጥር ነው፤ የመንገዱ አቧራ እስከ ዳሱ ይገባል፣ ከወዲያ የሽምብራ እሸት ጥብስ ይሸታል። አገሩ ሁሉ የጥሩወርቅን እስክስታ ይጠብቃል። እሷ ግን ነጠላዋን አንገቷ ሥር በአንድ እጇ ጨብጣ ቆመች።

«ሙሽሪት፣ በዚህ ፀሐይ በረደሽ? ወይስ ትከሻሽን ለአማትሽ አስቀመጥሽው?» አለች አንዲት ጎረቤት። ሰው ሳቀ። ጥሩወርቅም ሳቀች፤ እጇን ግን አልፈታችም። እኔ ጠላ ስቀዳ ሞልቶ እግሬ ላይ ሲፈስ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ ስንት ሠርግ አብረን ውለናል። ስለ ቀሚሱ አንስተን አናውቅም። ስትጨፍር ባየሁ ቁጥር ግን ዓይኔ ወደ እጇ ይሄዳል። ያን ቀን እትዬ ዘነቡ ሲጠይቁን አይለይም ብል፣ ቢበዛ እነዚያ ልጆች ቢስቁብኝ ነው።

ሰላም ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው።

«ይመልከቱ እምዬ፣ ይህችና ይህች። አሁንስ አይለዩም?»

ለኔ ሁለቱም ጉንዳን ናቸው። ራሴ እንደ ያኔው አዎ ብሎ ሊነቀነቅ ጀምሮ ነበር።

«አይለየኝም» አልኋት። «እስቲ ቀረብ አድርጊው፤ ጭራዋ የቱ ላይ ናት?»