ዳጉሳ ውስጥ የቀበርኩት ኪታብ

ልጄ የዐረብኛ ሰዋስው የሚማር ደረሳ ነው። እነሱ ነህው ይሉታል። እኔ ፊደል ከመቁጠር ያለፈ አላውቅም፤ እሱንም ቢሆን ወላጆቼ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ይህ ቆላ ሲሰጣቸው፣ በመሠረተ ትምህርት ዛፍ ሥር ነው የቆጠርኩት።

ካቻምና ማሽላ ስንኮተኩት ስለ አንድ የጥንት የነህው ሊቅ አጫወተኝ። ሰውየው ዐረብ አልነበረም አሉ። በልጅነቱ መምህሩ ፊት ተሳስቶ አፈረና፣ ማንም የማያርመኝ እስክሆን ብሎ ተማረ። ትልቅ ኪታብ ጻፈ። ኋላ በሹማምንት ፊት ሲከራከር እውነት ይዞ ተረታ። ወደ አገሩ ተመልሶ በሐዘን ሞተ፤ ገና ጎልማሳ ነበር፣ ለኪታቡም ስም አላወጣለት።

«እናቱስ?» አልኩት።

«እናቱን የሚያነሳ የለም፣ እማየ።»

«እንዴት አይነሳም! ማን አለቀሰለት ታዲያ?»

ሳቀብኝ። «ከሞተ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል እኮ። ለቅሶ ልትደርሽ ነው?»

እኔ አልሳቅሁም። ወሎ ካሉ ሸኽ ዘንድ ሄዶ ሊቀራ፣ ትምህርቱን ሊቀጥል መቁረጡን አውቃለሁ። መንገዱ ደግሞ ያኔም አያስተማምንም፤ ዛሬ ሲከፈት ነገ ይዘጋል። ያንን ሊቅ የበላ ነህው የኔንም ሊበላብኝ ነው አልኩ በሆዴ።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚማርበትን ኪታብ ከራስጌው አንስቼ በላስቲክ ጠቀለልኩና ጎታው ውስጥ፣ ዳጉሳው መሐል ቀበርኩት። ደረሳ ያለ ኪታብ የት ይሄዳል ብዬ! ቤቱን ገለባበጠው። እኔም አብሬው ፈለግሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በቀኑ ጉልበቴን ሳመ። «ኪታቡ ቢጠፋ ሸኹ አልጠፉ። ዱዓ አድርጊልኝ፣ እማየ» ብሎ ባዶ እጁን ወጣ። እስከ በሩ ሸኘሁት እንጂ ከጎታው አላወጣሁለትም።

አምና ለገበያ ዳንግላ ስወጣ አብሮት የሄደ ደረሳ አገኘሁ። የልጄን ደህንነት ጠየቅሁት።

«አልሐምዱሊላህ ደህና ነው፣ እናቴ። ኪታብ የለውም እንጂ። የኛን እየተዋሰ የየቀኑን ትምህርት በእጁ ሲገለብጥ ወደኋላ ቀረ። እኛ ጨርሰን መንገዱ ሳይዘጋ ደረስን፤ እሱ ገና ግማሹ ላይ ነው። ኪታቡን ሳይጨርስ ደግሞ ሸኹ አያሰናብቱትም፤ ደንቡ ነው።»

ዘንቢሌን ይዤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «አመመዎት እንዴ?» ይለኛል። 

ከዚያ ወዲህ መንገዱ አልተከፈተም። ስደውል ኔትወርክ የለም። ዝናቡ ሲያባራ ኪታቡን አወጣና ምስጥ እንዳይገባበት ፀሐይ አሞቀዋለሁ። ላስቲኩ ተቀዶ ኖሮ በገጾቹ መሐል ዳጉሳ ገብቷል፤ እሱን አንድ በአንድ እለቅማለሁ። ዳር ዳሩን ልጄ የጻፈው አለ። ምን እንደሚል አላውቅም።

ሲመጣ የት ተገኘ ይለኛል። ይበለኝ። ብቻ ይምጣ።