በአደራ የተቀበልኩት እባብ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት መጨረሻ ይመስለኛል፤ ኅዳርም ገብቶ ሊሆን ይችላል። የማስታወስ ችሎታዬን ስለማላምነው፣ እርግጠኛ የሆንኩበትን ብቻ እጽፋለሁ። ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ አደራ በላ ልባል ነው ብዬ የፈራሁበት ቀን በመሆኑ ነው።

ባለቤቴ ካረፈች፣ የእሪ በከንቱ ጎረቤቶቼም አብዛኞቹ ሠፈሩን ከለቀቁ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። አንዱን ክፍል የተከራየችኝ የእንስሳት ሐኪም ሰላም፣ አይጥ የሚበላ መርዝ የሌለው እባብ በመስታወት ሣጥን ታሳድጋለች። ለሥራ ክፍለ ሀገር ስትሄድ ለአንድ ሳምንት አደራ ሰጠችኝ።

«አባባ፣ ከላይ አይያዙት፤ ጭልፊት የመጣበት ይመስለዋል። ከሥር በሁለት እጅ ይደግፉት። ጭራውን ካንቀጠቀጠ ፈርቶ ነው፤ ይተዉት» አለችኝ። «ይወደኛል ብለው ግን አይጠብቁ። ይለምድዎታል እንጂ።»

ጎረቤቴ እትዬ ፀዳለ ለእባቡ ሳወራ ሰምተው ከማን ጋር እንደማወራ ሲጠይቁኝ፣ እንዳይደነግጡ ብዬ «እንግዳ አለብኝ» አልኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ውሃውን ለወጥኩ፤ ክዳኑን መግጠሜን ግን አላስታውስም። እኩለ ቀን ላይ ሣጥኑ ባዶ ነበር። ተንበርክኬ ከአልጋ ሥር ስፈልግ፣ እትዬ ፀዳለ ለእንግዳዬ ምሳ በሳህን ይዘው ገቡ። እባቡ በሶፋው ትራሶች መካከል ብቅ አለ። ሳህኑን አስቀምጠው መጥረጊያ አነሡ።

«እትዬ፣ እንዳይመቱት። እንግዳዬ እሱ ነው።»

መጥረጊያውን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። «ለዚህ ነው በቅቤ ያበደ ሽሮ የሠራሁት?» አሉ። ቀጥለውም መጥረጊያውን ከግድግዳው አስጠጉት። «እንግዳዬ ካሉማ በቤትዎ አልመታውም። ግን ቶሎ ይሸኙት።»

በሁለት እጄ ከሥር ደገፍኩት። ጭራውን ጥቂት አንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በእጄ አንጓ ላይ ቀስ ብሎ ተጠመጠመ። ከእጅ ሰላምታ በቀር ነፍስ ያለው ነገር ከነካኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ ለማስላት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ወደ ሣጥኑ ለመመለስም አልቸኮልኩም።

ሰላም ስትመለስ ሁሉን ነገርኳት። እባቡን ዳብሳ ደኅና መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ «ዋናው አለመጎዳቱ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ግን ስትጓዝ ለጓደኛዋ ታደርሰዋለች። «እርስዎን እንዳላስቸግር ብዬ ነው» ብላኛለች።

አልተቀየምኳትም፤ በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ይህንኑ አደርግ ነበር። መናገሬም አይጸጽተኝም፤ ብደብቃት ኖሮ በእርግጥ አደራ በላ እሆን ነበር። ይሁን እንጂ ለጉዞ በተነሣች ቁጥር፣ ሁለቱም እጆቿ በሣጥኑ ስለሚያዙ፣ በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ።